አዲስ ቸርኬና አዲስ ጎማ የገባለት መኪና ስለ ምን ይንቀጠቀጣል?

አንድ ሰው መኪናው እንዲያምርለት ብሎ ከፋብሪካው አብሮ ያልመጣ ቸርኬ ከነጎማው ገዝቶ ካስገባ በኋላ መሪው በእጁ ውስጥ መንቀጥቀጥ ቢጀምር፣ ምክር አያጣም። አንዱ ባላንስ አሠራ ይለዋል፤ ሌላው አላይመንቱ ተዛብቷል ይለዋል፤ ሦስተኛው ሾክ አብዞርበሩ አልቋል ብሎ ይምልለታል፤ አራተኛው ደግሞ «አዲስ ስለ ሆነ ነው፣ እየነዳኸው ይለምዳል» ይለዋል። መቼም በቅሎ አዲስ ኮርቻ ይለምዳል። መኪና ግን የሚለምደው ነገር የለም፤ የሚንቀጠቀጥ ዕቃ ውሎ አድሮ ወይ ይላላል፣ ወይ ይበላል፣ ወይ ይሰበራል።

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ ያሰብሁት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ስለ ክብ እንቅስቃሴ የተማርነው ትምህርት በሰሌዳ ላይ ተጽፎ የሚጠፋ ብቻ አለመሆኑን ለጓደኞቼ ለማሳየት ስለ ፈለግሁ ነው። ሁለተኛው፣ አጎቴ በኮሮላቸው ሰው እያመላለሱ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ሰው ስለ ሆኑና በዚሁ መንቀጥቀጥ የተነሣ ለሦስት ሳምንት ያህል ሥራቸው ስለ ተስተጓጐለ፣ እኔም ነገሩን ከመነሻው እስከ መጨረሻው አብሬአቸው ስለ ተከታተልሁ ነው።

በመጀመሪያ ጎማ ስለ ምን እንደሚንቀጠቀጥ እንመልከት። ወንጭፍ ያሽከረከረ ልጅ ሁሉ ድንጋዩ እጁን ወደ ውጭ እንደሚጎትተው ያውቃል። ይህ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል የሚያድግ አይደለም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። እንግዲህ በቸርኬው ጠርዝ ላይ አንደኛው ወገን ከሌላው በ30 ግራም ይከብዳል እንበል። 30 ግራም ማለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ነው። የአጎቴ መኪና አዲሱ ጎማ መጠኑ 195/60 አር 15 ነው፤ ይኸውም ስፋቱ 195 ሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 60 በመቶ፣ ቸርኬው 15 ኢንች ነው ማለት ነው። ከዚህ ተነሥተን ብናሰላ የጎማው ቁመት 615 ሚሊ ሜትር፣ ዙሪያው ደግሞ 1 ሜትር ከ93 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። መኪናው በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በየሰኮንዱ 25 ሜትር ስለሚጓዝ ጎማው በሰኮንድ 13 ጊዜ ያህል ይዞራል። ያ 30 ግራም ከመካከሉ 19 ሳንቲ ሜትር ርቆ በዚህ ፍጥነት ሲሽከረከር 38 ኒውተን በሚያህል ጉልበት ቸርኬውን ወደ ውጭ ይስባል። ይህም ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ ዕቃ እንደማንጠልጠል ነው። በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ያው 30 ግራም አንድ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ጉልበት ነው ያለው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ጎማውና ከጎማው ጋር ከስፕሪንጉ በታች ያለው ክፍል ሁሉ እንደ ዥዋዥዌ የራሱ የሆነ የመወዛወዝ ልክ አለው። ዥዋዥዌን በልኩ ጊዜ የሚገፋ ሕፃን በትንሽ ጉልበት ትልቅ ሰው ወደ ላይ ያወጣል፤ ያለ ጊዜው የሚገፋ ጎረምሳ ግን ይደክማል እንጂ ምንም አያመጣም። የተራ የቤት መኪና ጎማ በተፈጥሮው በሰኮንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል። ከላይ እንዳሰላነው በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የጎማው ዙር 13 ስለ ሆነ፣ ግፊውና ዥዋዥዌው የሚገናኙት በዚሁ አካባቢ ነው። ከ80 እስከ 100 ባለው ፍጥነት መሪው ክፉኛ ተንቀጥቅጦ 115 ሲደርስ ጸጥ የሚለውም ስለዚህ ነው። ጸጥ ማለቱ ግን ድኗል ማለት አይደለም፤ ጉልበቱ አድጓል፣ ልኩ ብቻ ነው ያለፈው።

በአዲስ አበባ ውስጥ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚደረስበት ስፍራ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከሱቁ ደጃፍ ተነሥቶ አንድ ዙር ዞሮ «ምንም የለውም» ማለት ምንም አልተመረመረም ማለት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ለብዙ መኪና የመጀመሪያው እውነተኛ ፈተና ይመስለኛል። የአጎቴንም ኮሮላ ያጋለጠው እርሱ ነው።

የሚንቀጠቀጥ መኪና ያለው ሰው ወደ ገበያ ከመሄዱ በፊት ራሱን የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ። መንቀጥቀጡ በየትኛው ፍጥነት ይጀምራል? ገና ከ20 እስከ 40 ባለው ፍጥነት መኪናው እንደ አንካሳ የሚሄድ ከሆነ፣ ወይ ቸርኬው ጎብጧል፣ ወይ ጎማው ክብነቱን አጥቷል፣ ወይም በውስጡ ያለው የሽቦ ንብብር ተላቋል፤ ይህን የመጨረሻውን ባላንስ አያድነውም፣ እንዲያውም እንደዚህ ያለ ጎማ ሳይውል ሳያድር መውጣት አለበት። ከ80 በላይ ሲሆን ግን የክብደት መዛባት ወይም የመካከል መሳት ነው። የሚሰማውስ በየት ነው? በመሪ ላይ ከሆነ የፊት ጎማ፣ በመቀመጫና በወለል ላይ ከሆነ የኋላ ጎማ ይጠረጠራል። መቼ? ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከሆነ የፍሬን ዲስኩን፣ ነዳጅ ሲረገጥ ብቻ ከሆነ ከካምቢዮው ወደ ጎማ ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ መመልከት ነው። ሞተሩን ከጥርጣሬ ለማውጣት ደግሞ በአንድ ዓይነት የመንገድ ፍጥነት ማርሽ መለወጥ ይበቃል፤ የሞተሩ ዙር ተለውጦ መንቀጥቀጡ ሳይለወጥ ከቀረ ሞተሩ ንጹሕ ነው።

ስለ አላይመንት አንድ ቃል ልጨምር፤ ብዙ ሰው በከንቱ ገንዘብ የሚያፈስበት ይህ ነውና። አላይመንቱ የተዛባ መኪና ወደ አንድ ወገን ይስባል፣ ጎማውንም በአንድ ጎኑ ይበላዋል። መሪውን በ90 ላይ የሚያንቀጠቅጠው ግን አብዛኛውን ጊዜ እርሱ አይደለም።

አሁን ወደ አጎቴ መኪና ልምጣ። አጎቴ አራት የአልሙኒየም ቸርኬ ከነጎማው ከአንድ የመኪና ዕቃ መሸጫ ገዙ፤ የቀድሞውንም ቸርኬ የዋጋው ማካካሻ አድርገው እዚያው ሰጡ። (በእኔ አስተያየት አሮጌውን ቸርኬ ለአንድ ወር ያህል እቤት ማቆየት ብልህነት ነው፤ አሮጌው ተመልሶ ሲገባ መንቀጥቀጡ ቢጠፋ ክርክሩ ወዲያው ያልቃልና።) በመጀመሪያው ጉዞ ፍጥነቱ 85 ሲደርስ መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወደ ጎሚስታ ሄደው ባላንስ አሠሩ፤ መንቀጥቀጡ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሁለተኛ ቦታ ሄዱ፤ መኪናው ላይ ሳይሆን መሣሪያው ላይ አራቱም ጎማ ዜሮ አሳየ። እዚያም ታስሮ ሲወጣ ከቀድሞው ባሰ።

ከዚያም አንድ መካኒክ የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዛወረ። ይህ መልካም ፈተና ነው፤ ምንም ወጪ የለውም። ጥፋቱ የጎማ ከሆነ መንቀጥቀጡ ከመሪው ወደ መቀመጫው ይሄዳል፤ ሳይሄድ ከቀረ ጥፋቱ የመኪናው ነው ተብሎ ይፈረዳል። መንቀጥቀጡ ከመሪው ላይ አልተነቃነቀም። እንግዲህ ጎማውና ቸርኬው ነጻ ወጡና ክሱ ወደ ሾክ አብዞርበርና ወደ ቴስቲና ዞረ። አጎቴም ለልጆቻቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ካስቀመጡት ገንዘብ ላይ አንሥተው ዕቃውን ሊገዙ ቀን ቆረጡ።

እኔ በነዚያ ሳምንታት ከአጎቴ ጎን እየተቀመጥሁ በደብተሬ ላይ እጽፍ ነበር፤ በየትኛው ፍጥነት እንደ ጀመረ፣ በየት እንደ ተሰማ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደ ተሠራ። አንድ ማታ ስመለከተው አንድ ነገር አየሁ። ጎማው በተፈታና በታሰረ ቁጥር የመንቀጥቀጡ ጠባይ ይለወጣል። አንድ ቀን በ85 ይጀምራል፤ ሌላ ቀን በ95። እንዲያውም አንድ ቀን ፍሬን ለማየት ብቻ ጎማው ተፈትቶ ሲመለስ፣ ሌላ ምንም ነገር ሳይነካ፣ መሪው ከበፊቱ በጣም ተሽሎት ነበር። የጎበጠ ቸርኬ ስለ ተፈታ አይቃናም። የሞተ ሾክ አብዞርበርም ጎማ ስለ ታሰረ አይድንም። ስለዚህ ጥፋቱ በዕቃው ሳይሆን በአስተሳሰሩ ላይ ሊሆን ይገባል።

ደብተሩን ለፊዚክስ መምህራችን አሳየኋቸው። እሳቸውም አይተው ሲያበቁ «ለመሆኑ ቸርኬው መካከሉን የሚያገኘው በምን ተደግፎ ነው?» ብለው ጠየቁኝና ከቤተ ሙከራው ቨርኒየር ካሊፐር አዋሱኝ። ቅዳሜ ጧት ከአጎቴ ጋር ጎማውን ፈትተን ለካን። ሞዞው፣ ማለት ቸርኬው የሚታሰርበት ክብ ብረት፣ በመካከሉ ወጣ ያለ አንገት አለው፤ የአንገቱ ስፋት 54.1 ሚሊ ሜትር ሆነ። የአዲሱ ቸርኬ የመካከል ቀዳዳ ግን 73.1 ሚሊ ሜትር ነበር። በመካከላቸው 19 ሚሊ ሜትር፣ ማለት በዙሪያው ሁሉ ከ9 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ባዶ ቦታ አለ።

ይህ ስለ ምን ሆነ? የመኪናው ፋብሪካ ቸርኬውን የሚሠራው ለዚያ መኪና ብቻ ስለ ሆነ ቀዳዳው በሞዞው አንገት ላይ ልክ ሆኖ ይገባል፤ ቸርኬው ገና ዳዶ ሳይነካው መካከሉን ያገኛል። ለገበያ ቸርኬ የሚሠራው ፋብሪካ ግን አንዱን ቸርኬ ለብዙ ዓይነት መኪና ለመሸጥ ስለሚፈልግ ቀዳዳውን ሰፊ አድርጎ ይተወዋል። የብሎኑ ቀዳዳ ብዛትና ርቀት ከኮሮላው ጋር ይስማማል፤ አራት ብሎን፣ በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ። ስለዚህ ቸርኬው ይገባል፣ ይታሰራል፣ ያምራልም። ነገር ግን መካከሉን እንዲያገኝ የሚያደርገው የዳዶዎቹ ሾጣጣ አፍ ብቻ ነው።

የዚህ ሁሉ ምሥጢር ያለው ከዚህ ላይ ነው። የባላንስ መሣሪያው ቸርኬውን የሚይዘው በመካከል ቀዳዳው ውስጥ በሚገባ ሾጣጣ ብረት ነው። መኪናው ግን የሚይዘው በዳዶ ነው። መሣሪያው ዜሮ ቢል እውነቱን ነው፤ ዜሮ የሆነው ግን መሣሪያው በያዘበት መካከል ላይ እንጂ መኪናው በያዘበት መካከል ላይ አይደለም። ቸርኬው ከነጎማው 16 ኪሎ ያህል ይመዝናል እንበል። በሚታሰርበት ጊዜ ከመካከሉ በግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ፈቀቅ ቢል፣ 16 ኪሎው በ0.5 ሚሊ ሜትር ተባዝቶ በቸርኬው ጠርዝ ርቀት ሲካፈል፣ ጠርዙ ላይ 42 ግራም እንደ መለጠፍ ይቆጠራል። ጎሚስታው ግራም በግራም ያስተካከለውን ግማሽ ሚሊ ሜትር ያፈርሰዋል። የፊቱና የኋላው ሲለዋወጥ መንቀጥቀጡ ከመሪው ያልሄደውም ስለዚህ ነው፤ አራቱም አንድ ዓይነት ጉድለት ስለ ነበራቸው ወደ ፊት የመጣው ሁሉ ያንኑ ያደርጋል። ፈተናው ትክክል ነበር፤ አራት ተከሳሾች አንድ ጥፋት ሲሠሩ ግን አንዱን በሌላው መመስከር አይቻልም።

መድኃኒቱ ባዶውን ቦታ የሚሞላ ቀለበት ነው፤ ውስጡ 54.1፣ ውጩ 73.1 ሚሊ ሜትር የሆነ። በአንዳንድ አገር ቸርኬ ሲሸጥ ከፕላስቲክ ወይም ከአልሙኒየም የተሠራ ቀለበት አብሮ ይሰጣል። እኛ አራቱን ከአልሙኒየም በቶርኖ ቤት አስቀረጽን። ቶርኖ ሠሪው ልኩን በወረቀት ላይ ጽፈን ስንሰጣቸው ወረቀቱን ወደ ጎን አድርገው አንዱን ቸርኬና የሞዞውን ልክ ራሳቸው ለኩ፤ ይህን ሳይ ሥራቸውን እንደሚያውቁ ገባኝ። ቀለበቱ በእጅ ተገፍቶ የሚገባ፣ ገብቶም የማይንቃቃ መሆን አለበት። ክብደት የሚሸከመው ግን እርሱ አይደለም፤ መኪናውን የሚሸከመው ዳዶዎቹ ቸርኬውን ከሞዞው ጋር አጥብቀው የሚያጣብቁበት ኃይል ነው። ቀለበቱ መካከሉን ያሳያል፣ ሥራው ያ ብቻ ነው።

አስተሳሰሩም ራሱ ሥርዓት አለው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ሳለ የሞዞው ፊት በብረት ብሩሽ ከዝገትና ከጭቃ ይጠረጋል፤ በዚያ መካከል የቀረ አንድ የዝገት ቅርፊት ቸርኬውን ያዘነብለዋል። ከዚያ ዳዶዎቹ ሁሉ በእጅ ይገባሉ፤ ቀጥሎ በመፍቻ ቀስ በቀስ፣ አንዱን ካጠበቁ በኋላ በዙሪያ ወደሚቀጥለው ሳይሆን ትይዩው ወዳለው እየተሻገሩ ማጥበቅ ነው። የመጨረሻው ማጥበቅ ብቻ ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ይሆናል። የመኪናው ክብደት ያረፈበትን ጎማ ከመጀመሪያው መሬት ላይ ማሰር፣ በተለይ ቀለበት ከሌለው፣ ቸርኬውን ወደ አንድ ወገን አስጠግቶ ማሰር ነው።

ለኮሮላ የታዘዘው የማጥበቂያ ኃይል 103 ኒውተን ሜትር ነው። ይህን የሚለካ መፍቻ የሌለው ሰው እንዲህ ይገምተው፤ 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ 26 ኪሎ ያህል መጫን ነው። በየጎማ ቤቱ እንደምናየው በመፍቻው ላይ አንድ ሜትር ቧንቧ ሰክቶ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢቆምበት ግን ወደ 690 ኒውተን ሜትር ይደርሳል፤ ከታዘዘው ከስድስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ይህ ብሎኑን ይለጥጠዋል፣ የፍሬን ዲስኩንም ሊያጣምመው ይችላል። በቧንቧ ያሰረ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ የሚፈታው በምን እንደ ሆነ አላውቅም።

ከመንቀጥቀጥ የሚከፋ አንድ አደጋም አለ፤ የዳዶው አፍ ነው። ቶዮታ ለራሱ የአልሙኒየም ቸርኬ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ዋሸር ያለው ዳዶ ይጠቀማል፤ ሆንዳ ግን እንደ ኳስ ድቡልቡል አፍ ያለው፤ ከገበያ የሚገዛው ቸርኬ አብዛኛው ደግሞ ሾጣጣ አፍ ያለው ዳዶ ይፈልጋል። አንዱ በሌላው ቀዳዳ ላይ ቢታሰር የጠበቀ ይመስላል እንጂ የሚነካካው በቀጭን መስመር ብቻ ስለ ሆነ ይላላል። ጥርሱንም መመልከት ያስፈልጋል። የቶዮታ ብሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ የጥርሱ ርቀት 1.5 ነው፤ የሱዙኪና የኒሳን የቤት መኪና ግን ውፍረቱ ያው 12 ሆኖ ርቀቱ 1.25 ነው። ሁለቱን በጉልበት ያጋባ ሰው ብሎኑን ይገድለዋል። ጤነኛ የነበረ መኪና በድንገት መንቀጥቀጥ ጀምሮ ከደቂቃ ወደ ደቂቃ እየባሰ ከሄደ ዳር ይዞ መቆምና ዳዶዎቹን ማየት ነው እንጂ እስከ ከተማ ልድረስ አይባልም።

ቀለበቱ ከገባ በኋላ የአጎቴ መሪ ጸጥ አለ። ሆኖም በ95 ላይ ከመቀመጫው በታች ትንሽ ንዝረት ቀርቶ ነበር። ይህ የኋላ ጎማ ስለ ሆነ የኋላውን በክሪክ አንሥተን፣ ጠመኔ በድንጋይ ላይ አስደግፈን ወደ ጎማው አስጠግተን በእጅ አዞርነው። የቀኙ ሲዞር ጠመኔውን በአንድ ቦታ ይነካል፣ በሌላው ይርቃል። ቸርኬውን ስንመለከት ግን ቀጥ ያለ ነው። በጎማው ጎን ላይ ከቸርኬው ጠርዝ አጠገብ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር አለ፤ ይህ መስመር በሁሉ ስፍራ ከጠርዙ እኩል መራቅ አለበት። የእኛ በአንድ ወገን ወደ ውስጥ ሰምጦ ነበር። ጎማው በቸርኬው ላይ በሚገባ አልተቀመጠም ማለት ነው። ጎሚስታው አየሩን አስወጥቶ፣ ጠርዙን በሳሙና ውሃ አርሶ እንደ ገና ሲነፋው በትልቅ ድምፅ ቦታውን ያዘ፤ ከዚያም ባላንሱ ተሠራ።

በዚያው ጊዜ የጎማዎቹን ዕድሜ አነበብን። ዲ፣ ኦ፣ ቲ ከሚሉት የላቲን ፊደላት በሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለት ዓመቱን ይናገራሉ። 2319 ቢል በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ዓመቱ ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የሚያነብ ሰው ለዓመታት በመጋዘን የከረመውን ጎማ ትናንት የተሠራ ሊመስለው ይችላል። ከጎኑ ላይ ትንሽ ቢጫ ነጥብ ያለው ጎማም አለ፤ ይህ ቀላሉን ወገን ስለሚያሳይ ከመንፊያው አፍ ትይዩ ይደረጋል።

አዲስ የታሰረ ቸርኬ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ዳዶው እንደ ገና ይታያል፤ አልሙኒየሙ ቦታውን ሲይዝ በጥቂቱ ይረግባልና። አጎቴ በማግሥቱ ወደ ቢሾፍቱ ደርሰው ሲመለሱ አየናቸው። ከ16ቱ ዳዶ ሁለቱ በጥቂቱ ዞሩ፤ የቀሩት አልተንቀሳቀሱም።